ከኮከቡ ጀርባ የገባው ስፌት

ሰማይን በደንብ ያየሁት በቀን ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃ ጋርጄ፣ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ብዙ ነው፤ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ግን ጆሯችሁን አውሱኝ። የምነግራችሁ ነገር ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ እሁድ ከሰዓት ያለቀ ነው፤ ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ግን «አየሁ» የምትለዋን ቃል እንደ ድሮዬ እንደ ልቤ አልወረውራትም።

የሺ እባላለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ታመመች፤ እጇ ሲደክም መርፌዋን እኔ ተቀበልኩ። እናቴ የፈረስ ግላስ ጠላፊ ነበረች። ግላስ ማለት ፈረስ በበዓል ቀን የሚለብሰው፣ በቀይና በቢጫ ክር የተጠለፈ ልብስ ነው። በእኛ አገር ሰው ራሱ ቡትቶ ለብሶ ቢታይ ግድ የለውም፤ ፈረሱ ከጎረቤት ፈረስ አንሶ ከታየ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ መርፌያችን ሥራ ፈትታ አታውቅም።

ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን አስገባሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ እያስተካከልኩ ነው የለመድኩት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አትማለሁ፣ የፈተና ወረቀት አባዛለሁ። ሰው ሲጠፋ ወደ ግላሴ እመለሳለሁ። አንድ አመል አለኝ፤ ያተምኩትን ሁሉ አነባለሁ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ይሁን የባዮሎጂ ፈተና አልመርጥም። ዩኒቨርሲቲዬ እሱ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

መምህር አንዳርጌ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ቀጭን፣ ችኩል፣ ደስ ሲለው ሁለት መዳፉን የሚያፋትግ ወጣት። አንድ ቀን ፈተና ሊያባዛ መጥቶ ኮምፒውተሬን ልጃገረድ እንደሚያጭ ሰው ዞር ዞር እያለ አየው።

«እትዬ የሺ፣ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች አንድ ሥራ ከበዳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ጋ ብንሠራስ?»

«ምንድን ነው ሥራው?»

«ፎቶ ማየት።»

«የማን ፎቶ?»

«የሰማይ።»

ከዚያ አስረዳኝ። ከባሕር ማዶ ተራራ ላይ ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕ የአንዱን የሰማይ ቁራጭ ፎቶ፣ ደቂቃ እየቆጠረ አራት ጊዜ ያነሳል። ፎቶዎቹ በየአገሩ ላሉ የተማሪ ቡድኖች ይከፋፈላሉ። የተማሪዎቹ ሥራ አራቱን እያፈራረቁ ማየት ነው። ኮከብ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከፎቶ ፎቶ ቦታ የሚለውጥ ነጥብ ካለ እሱ አስትሮይድ ሊሆን ይችላል።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው እትዬ። እንደ ምድራችን ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ። ማርስና ጁፒተር በሚባሉት ፕላኔቶች መካከል እልፍ አእላፍ አለ። ዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ይባላል።»

«እንግዲህ እናንተ ኤሌክትሪኬን የምትጨርሱት ድንጋይ ለመልቀም ነዋ!»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ለተማሪዎቹ በአማርኛ ያዘጋጀውን መመሪያ ሳትምለት ግን እንደ አመሌ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስጨርስ ሳቄ ጠፍቶ ነበር።

ቅዳሜዎቹ እየተከታተሉ ሄዱ። መጀመሪያ ላይ የሚመጡት ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ምንም አልገኝ ሲል አንድ በአንድ ቀሩ። ነጥብ አገኘን ሲሉ ቀድሞ የታወቀ ይሆናል፤ ወይም የካሜራ ጉድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ከመምህሩ ጋር ትርንጎ ብቻ ቀረች። ትርንጎ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ አዘና አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ቤቷ የሚነገረው አገውኛ ነው፤ በአማርኛ ስታወራ ቃል በቃል እየመዘነች ነው። የማትመዝነው ዓይኗን ነው። ስክሪኑ ላይ ተክላው ትውላለች።

ያቺ ቅዳሜ ጥር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበረች። ውርጩ የድንቹን ቅጠል ያጠወለገበት ጠዋት። ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠን የፎቶ ድርሻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የድንጋይ ፍለጋው ዘመቻ ይዘጋል። ሻይ ይዤላቸው ስገባ ትርንጎ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«መምህር፣ ይቺን ይዩ። ከትልቁ ኮከብ በግራ። አንደኛው ፎቶ ላይ እዚህ ናት። ሁለተኛው ላይ ወደ ኮከቡ ቀረበች። ሦስተኛው ላይ ግን የለችም።»

መምህር አንዳርጌ ዓይኑን አሸት አድርጎ አየ። «ከሌለች ጉድፍ ናት። እለፊያት።»

ትርንጎ እጇን አላነሳችም። እኔም ትሪውን አስቀምጬ ጠጋ አልኩ።

«እስኪ አራተኛውን አሳዪኝ» አልኳት።

አራተኛው ፎቶ መጣ። ከኮከቡ በስተቀኝ፣ ልብ ካላሉት የማትታይ ጭላንጭል አለች። አሁን ሦስቱን እያፈራረቀች ስታሳየኝ ርቀታቸውን በጣቴ ለካሁ። የእኔ ዓይን እኮ የሠላሳ ዓመት የመርፌ ዓይን ነው። ስለ ኮከብ ባያውቅም የስፌት እርምጃ ያውቃል። ከአንደኛው ነጥብ እስከ ሁለተኛው አንድ እርምጃ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ልክ ሁለት እርምጃ።

«መምህር፣ ይሄ ጉድፍ አይደለም። ስፌት ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ክር ሁልጊዜ ከላይ ይታያል እንዴ? ከጨርቁ ሥር ይገባና ወዲያ ብቅ ይላል። ይሄም ከኮከቡ ብርሃን ሥር ገብቶ ነው። ማስመሪያ አምጣ።»

ማስመሪያውን ስክሪኑ ላይ ጋደም አደረገው። ሦስቱ ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ተደረደሩ። ወዲያው የታወቁትን አስትሮይዶች መዝገብ ከፍቶ ፈለገ፤ በዚያ ቦታ በዚያ ሰዓት ይኖራል የተባለ ምንም የለም። እንደገና ፈለገ። የለም። መዳፉን ማፋተግ ሲጀምር ትርንጎ አየችው፤ እሱ ደግሞ እሷን አያት፤ ሻዩን የጠጣው ሰው አልነበረም።

«ሦስት ቦታ ይበቃል?» አለች በቀስታ።

«መመሪያው ይበቃል ይላል። ግን ሦስት ደካማ ነው። አራት ቢሆን ኖሮ . . .» አለና ሰዓቱን አይቶ ደነገጠ። በማግስቱ ዳንግላ ውስጥ አብሮ አደግ ጓደኛው ይሞሸራል፤ እሱ አንደኛ ሚዜ ነው፤ ሱፉ ደግሞ ገና ልብስ ሰፊው ጋ ነው። «እትዬ፣ እርስዎ ነጥቦቹን እየጠቆሙ ይመዝግቡልኝ። ሱፌን ተቀብዬ ስመለስ እልከዋለሁ።» ትርንጎም የአዘና መኪና እንዳያመልጣት ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ በደንብ ይጠቁሙልኝ» አለችኝ። አደራ መሆኑ ነው።

ብቻዬን ቀረሁ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነጥቧን በማውሱ ይጠቁሟታል፤ ኮምፒውተሩ ቦታዋን በቁጥር ይጽፋል። አንደኛውን ጠቆምኩ። ሁለተኛውን ጠቆምኩ። አራተኛውን ጠቆምኩ። ሦስት መስመር ቁጥር ተጻፈ፤ በመካከሉ አንድ ባዶ መስመር ቀረ።

ባዶዋ መስመር አፈጠጠችብኝ። በእናቴ ቤት ጎደሎ ግላስ ከደጃፍ አይወጣም። ክር ቢበጠስ፣ አንድ ስፌት ቢዘለል፣ «ግራ ቀኙን እዪና ሙዪው» ትለኝ ነበር። ግራ ቀኙን አይቼ እሞላዋለሁ፤ ሰው አይለየውም፤ ፈረሱም አይናገርም። ይሄ የሙያችን ክብር ነው እንጂ ማጭበርበር ብዬው አላውቅም። እጄም የለመደውን አደረገ። ሦስተኛውን ፎቶ ከፈትኩ፤ ስፌቱ ሊያርፍ ይገባው የነበረበትን በዓይኔ ለካሁ፤ የኮከቡን ብርሃን ጠርዝ ጠቆምኩ። ቁጥሩ ተጻፈ። አራት መስመር፣ ሙሉ፣ ያማረ።

መምህር አንዳርጌ ሱፉን በክንዱ ታቅፎ ሲመለስ አራቱን መስመር አይቶ ጮኸ።

«ሦስተኛውን አገኙት? እንዴት አገኙት እትዬ?»

«ነበረ» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። በጉልበቷ ግን ከእኔ በላይ ሄዳለች። መምህሩ ሪፖርቱን ላከ፤ ጉንጬን ስሞ፣ ሱፉን ታቅፎ፣ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። እንደወጣ ኔትወርክ ከከተማው ጠፋ።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ አያ ፈንቴ ደጄ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያ ፈንቴ ከጥርባ በኩል የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ የፈረሳቸውን ዕድሜ የሚናገሩ። እሁድ መርፌ እንደማልነካ ያውቃሉ፤ ግላሳቸው ማለቁን ግን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ።

«የሺ፣ ፈረሴ ራቁቱን ነው እኮ። ጊዮርጊስ ደርሶ እንዲህ ታሳፍሪኝ?»

«አልቋል አያ። ይግቡና ይዩት።»

ግላሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ስፌቱን በጣታቸው ይከተሉት ጀመር። «እናትሽ ብታየው እኔ ነኝ የጠለፍኩት ብላ ትሟገትሽ ነበር» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

«ፈረሱ ጠፍቶ ነበር ሲሉ ሰማሁ።»

«ተገኘ። ሦስት ቀን አስለፍቶኝ!» አሉና ከዘራቸውን መሬት መቱ። «ከቤቴ ስወጣ አንዱን ጎረቤቴን አይተኸዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አላየሁም ማለት ከበደውና ወደ ዘንገና ሲወርድ አየሁት አለኝ። ዘንገናን ዞርኩት። ሐይቁን ዞርኩት፣ ጫካውን ዞርኩት። ሦስት ቀን! ኋላ አንዲት ባልቴት በሯ ላይ ቆማ፣ እኔስ በዚህ ሲያልፍ አላየሁም አለችኝ። በዚያ ካላለፈማ በወዲህ ነው ብዬ ተመለስኩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያዝኩት።»

«ጎረቤትዎን ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ክፉ አላሰበም፤ ሊያጽናናኝ ነው። ግን ልጄ፣ ፈረስ የጠፋበት ሰው የሚፈልገው ማጽናኛ ነው? ፈረሱን ነው! ፈረሴን ያገኘችልኝ አላየሁም ያለችኝ ናት።»

እሳቸው ግላሱን ማጠፍ ጀመሩ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። መመሪያውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ እኔው ራሴ አትሜ እኔው ራሴ ያነበብኩት መስመር አለ፤ ያላያችሁትን ቦታ አትለኩ ይላል። ከሥሩ ምክንያቱ ተጽፏል። ከተላኩት ቦታዎች ተነስተው ባለሙያዎች የድንጋዩን መንገድ፣ ምህዋሩን፣ ያሰላሉ። በሚቀጥሉት ቀናት ቴሌስኮፕ የሚዞረው ስሌቱ ወዳመለከተው ቦታ ነው። አንድ የውሸት ቦታ ከገባ መንገዱ ይጣመማል፤ ቴሌስኮፑ ባዶ ሰማይ ያያል፤ ድንጋዩ እንደገና እስኪገኝ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም፤ ሲገኝም ያገኘው ሌላ ይሆናል።

የትርንጎን ፈረስ ወደ ዘንገና ልኬዋለሁ።

የዘመቻው ሰዎች እርማት የሚቀበሉት እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ወደ ስሌት ይገባል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል አልፏል። ስልኬን አነሳሁ፤ ኔትወርክ የለም። የቡድኑ ኢሜይል ያለው መምህሩ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

«አያ፣ ግላስዎን ይውሰዱ። እኔ ዳንግላ መሄዴ ነው።»

«አሁን? በምን ምክንያት?»

«ፈረስ የጠፋበትን ሰው በተሳሳተ መንገድ ልኬ።»

«የማን ፈረስ?»

«የአንዲት ልጅ።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ!» አሉና ከዘራቸውን ወደ መናኸሪያው ቀሰሩት።

ሚኒባስ ስትቸኩሉ እንደማይሞላ ታውቃላችሁ። ረዳቱ «ዳንግላ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፤ ውስጡ ግን አምስት ወንበር ባዶ ነው። ሰው ያላየውን የሚቆጥር እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ በዚያ ተጽናናሁ። ተንቀሳቅሰንም በየመንገዱ መቆም ነበር፤ ድንች የጫነች ሴት ወረደች፤ ለፍተሻ ቆምን፤ ወደ ሠርግ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ገቡ። እኔ ጥጌን ይዤ የምናገረውን እያሰናዳሁ ነው። ያኔ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ሐሳብ ጆሮዬ ሥር ተቀምጦ «ተመለሺ» ይለኝ ነበር። ዝም ብትይ ማን ያውቃል? ምናልባት የገመትሽው ልክ ይሆናል። ብትናገሪ ግን ቡድኑ ይሰረዛል፤ የልጅቱ ስም ከአጭበርባሪ ጋር ይጻፋል። ዝምታዬም ንግግሬም ትርንጎን የሚጎዳ መሰለኝ። ልዩነቱ፣ ብናገር ድንጋዩ ይተርፋል።

ዳንግላ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጋሪ ላይ ወጣሁ።

«የት ላድርስሽ እትዬ?» አለኝ ባለጋሪው።

«ሠርግ ቤት።»

«ዛሬ ሠርግ የሌለበትን ቤት ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ የጥር እሁድ ነው። ሁለት ድንኳን አንኳኳን፤ አንደኛው ቤት እንግዳ መስያቸው በግድ ሊያስቀምጡኝ ነበር። ሦስተኛው ድንኳን በር ላይ መምህር አንዳርጌን በጥቁር ሱፍ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ አየሁት። ሙሽራይቱን ሊያመጡ መኪናዎቹ ተደርድረው ጡሩምባ ይነፋሉ።

«እትዬ የሺ! መጡልኝ? ይግቡ እንጂ፣ ይብሉ!»

«አልበላም። ና፣ ላንድ አፍታ።»

ሙሽራው ሳቅ እያለ ክንዴን ያዘኝ። «እናቴ፣ ሚዜዬን ይዘው የት ሊሄዱ ነው?»

«ለሰማይ ጉዳይ ነው ልጄ።»

«ለሰማይ ጉዳይማ ቄሱ ውስጥ አሉልዎ፤ እሱን ይተዉልኝ!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ፊቴ ሳቅ አልነበረበትም፤ መምህሩ ያንን አይቶ ተከተለኝ። ከጋሪው አጠገብ አቆምኩትና ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ነገርኩት።

«ሦስተኛውን ነጥብ አላየሁትም። ሞልቼው ነው።»

አበባውን ከደረቱ ነቅሎ መልሶ ሰካው።

«ነበረ አሉኝ እኮ እትዬ።»

«ዋሽቼሃለሁ።»

«እርስዎ?»

«እኔ።»

ዘወር አለብኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲናገር ድምፁ ቀጠነ። «ሦስቱ ብቻ ቢላኩ እኮ ይበቃ ነበር። ሦስቱ እውነት ነበሩ! አሁን ሌሎቹንም አያምኗቸውም። ትርንጎን ምን እላታለሁ? ስንት ቅዳሜ ዓይኗን ያጠፋች ልጅ . . . ቢቀርስ? ምናልባት ቦታው ልክ ነው። እርስዎ ስፌት አይስቱም።»

«ምናልባትን እዚህ ድረስ በሚኒባስ ተሸክሜው መጥቻለሁ። ከበደኝ። አውርድልኝ።»

ወደ እኔ ዞረ።

«ጥፋቱን በእኔ ስም ጻፈው፤ በአንተም በእሷም አትጻፈው። የሺ የምትባል ጠላፊ፣ ያላየችውን ሞላች በል።»

ከመኪናዎቹ መካከል «ሚዜ! ሚዜው የት ገባ?» የሚል ጩኸት መጣ። እሱ ስልኩን አወጣ። የኔትወርኩ ምልክት አንድ ጭረት ላይ ቆሞ ብልጭ ድርግም ይላል። ባለጋሪው ሁሉን ሲሰማ ቆይቶ፣ «ከገበያው ዳገት ላይ ይሻላል፤ ውጡ» አለን። ወጣን። ሱፍ የለበሰ ሚዜና የእሁድ ነጠላ የለበሰች ሴት በጋሪ ሽቅብ ስንበር መንገድ ላይ ያሉ ሴቶች እልልታቸውን ለቀቁት። ማን አግብቶ ማን እንደተዳረ እነሱ ያውቃሉ።

ዳገቱ ላይ ፈረሱ ሲያለከልክ፣ እኔ በአማርኛ እያልኩ እሱ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ረጅም አልነበረም። ሦስተኛው ቦታ ታይቶ የተለካ አይደለም፤ ተገምቶ የተሞላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው በዓይን የታዩ ናቸው። እባካችሁ ሦስተኛውን ሰርዙት። መጀመሪያ ሲልከው አልሄደም። ሁለተኛም አልሄደም። ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ጋሪው ላይ ቆመ፤ በሦስተኛው ሄደ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ሠርጉ ቤት ስንመለስ ሙሽራው መኪናው ላይ ተቀምጦ በንዴት ጡሩምባውን ተጭኗል። መምህር አንዳርጌ ሊሮጥ ሲል ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ ተቀይሜዎታለሁ» አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ «ግን ምሳ ሳይበሉ እንዳይሄዱ» ብሎ ገባ።

ማክሰኞ ትርንጎ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ዘንድ መጣች። ደብዳቤው እንደሄደ መምህሩ ነግሯት ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ከኮከቡ በቀኝ ነው በግራ?»

«ምኑ?»

«ሲሞሉት የቱ ጋ ጠቆሙ?» ብላ ስክሪኑን አበራችው። አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችና፣ «እኔም ብቻዬን ብሆን ልሞላው እችል ነበር» አለች። ይቅርታዋ እሱ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

መልሱ ሐሙስ መጣ። መምህር አንዳርጌ ቆሞ አነበበልን። ሦስተኛው ቦታ ተሰርዟል። ሦስቱ ተቀባይነት አግኝተዋል። ቡድኑም አልተሰረዘም። መጨረሻ ላይ ለእኔ የተጻፈች መስመር ነበረች፤ ለጠላፊዋ ሴት ንገሩልን፣ ኮምፒውተሩ የጠቆሙትን ትቶ ብርሃን ወደሚበዛበት ይሳባል፤ የለካችው ድንጋዩን ሳይሆን ኮከቡን ነው፤ ስለነገረችን እናመሰግናለን። ስፌት አይስቱም የተባለልኝ እኔ ነኝ እንግዲህ!

ከሳምንታት በኋላ ሌላ ቴሌስኮፕ፣ ሦስቱ ነጥቦች በመሩት ቦታ ላይ፣ ያቺን ጭላንጭል አገኛት። ሌሎችም ተከተሉ። ጊዜያዊ መጠሪያ ተሰጣት፤ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ የመኪና ታርጋ የመሰለ። መንገዷም ቀስ በቀስ ተሰላ። እኔ በሚገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን ርቀት አንድ ክንድ በሉት፤ ድንጋያችን ከፀሐይ ሁለት ክንድ ተኩል አለፍ ብሎ ይዞራል፤ ከማርስ ወዲያ፣ ከጁፒተር ወዲህ፣ ቀበቶው መሃል። መንገዱ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ሞላላ ነው፤ አንዴ ወደ ፀሐይ ጠጋ ይላል፣ አንዴ ይርቃል። ከእኛ መንገድ አንጻርም ጥቂት ዘመም ያለ ነው፤ ኮርቻው በአንድ ጎን እንደተንሸራተተ ፈረስ። አንድ ዙር ለመጨረስ አራት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ቀርፋፋ ነው እንዳትሉ! እኔ ግማሽ ቀን የደከምኩበትን የእንጅባራና የዳንግላ መንገድ እሱ ሁለት ጊዜ ዓይን እስክትጨፍኑ ይጨርሰዋል።

ስም? ስሙ ገና ነው። በእኛ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ትነሳለች፤ እዚያ ግን መንገዱ በማያጠራጥር ሁኔታ እስኪታወቅ ዓመታት ይጠበቃል። ደስ አለኝ። ሳይታወቅ ስም የማያወጡ ሰዎች ናቸው።

ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ ምድር ዞራ ስትደርስበት፣ ድንጋዩ እንደገና ታየ፤ ይገኛል በተባለበት ቦታ፣ በተባለበት ቀን። ትርንጎ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ለእረፍት ስትመጣ ወረቀት ይዛ መጣች። አሁን መንገዱ በደንብ ስለታወቀ ወደ ኋላም ሊሰላ ይችላል፤ በዚያች ቅዳሜ፣ በሦስተኛው ፎቶ ሰዓት፣ ድንጋዩ የት እንደነበረ አስልታ አግኝታለች። ከኮከቡ ብርሃን ሥር ነው። እኔ ካስመዘገብኩት ቦታ ግን ወደ ዳር ነው። ስክሪኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል፤ እላይ ግን በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እናንተም በየሙያችሁ የምትሞሏት ባዶ መስመር አለቻችሁ። ሐኪም ብትሆኑ፣ ሽማግሌ ብትሆኑ፣ ምስክር ብትሆኑ። ክፉ አስባችሁ አይደለም፤ ሥራችሁ ሙሉ ሆኖ እንዲያምር ነው። እኔ አልፈርድባችሁም፤ የግላሱን ጉድለት ዛሬም እሞላለሁ፤ ግላስ የእኔ ሥራ ነው፣ በእኔ ፈቃድ ያምራል። ሰማዩ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ያልሆነውን ሲጠይቁኝ አላየሁም ማለትን በአርባ አምስት ዓመቴ ተማርኩ፤ ስናገረውም ቀና ብዬ ነው።

ቤቴ ከመጣችሁ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ አንዲት ጥቁር ጨርቅ ታያላችሁ። በቢጫ ክር ሁለት ስፌት፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አንድ ስፌት። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሁሉ «እትዬ፣ አንዱን ረሱት» ይለኛል። ትርንጎም ያን ቀን ወረቀቷን አጣጥፋ ስትነሳ ጨርቁን አየችና መርፌ ከነክሩ አቀበለችኝ።

«እንግዲህ የት እንደነበረ ታወቀ። አይሞሉትም?»

መርፌውን ተቀብዬ የክሩ ጥቅል ላይ መልሼ ሰካሁት።

«አንቺ አስልተሽ አገኘሽው እንጂ» አልኳት፣ «እኔ አላየሁትም።»